በዕቃ ቤቱ መዝገብ የማን ስም አለ?

የምንኖርባቸው ከተሞች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ጭሮ፣ እናቶቻችን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ የከተማ መልክ የያዘችው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ባስተዳደሩበት ዘመን ነው። መኢሶን ያሳደጋት ባቡር ነው። ስምንት መቶ ዓመት የሞላው ሕንፃ በየሰፈራችን ፈልገን አናገኝም። ቅርባችን ያለው የጥንት ስም አሰቦት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መኢሶን ካለፍን በኋላ ከመኪና መስኮት የምናየው ተራራ፣ ደብረ ወገግ የሚባለው ገዳም ነው፤ ትውፊቱ የመሠረቱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር አቡነ ሳሙኤል ናቸው ይላል።

ስለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወሬ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ግድግዳው ነው። ማን ፈለፈለው? በስንት ዓመት አለቀ? ድንጋዩ ከየት መጣ? የእኛ ሥራ ሂሳብና ንብረት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ እኛን የሚስበን ዕቃው ነው። መጋረጃውን ማን ሰጠ? መስቀሉን ማን ተረከበ? የትስ ተጻፈ? በማኅበራችን ቤተ ክርስቲያን የምትሄድም መስጊድ የምትሄድም እህት አለች፤ ጥያቄው ግን ሁላችንንም ይነካል። ለአምልኮ ቤት ምንጣፍ ያልገዛች፣ ዘይት ወይ ሻማ ያላዋጣች እናት ከመካከላችን ማግኘት ያስቸግራል።

ሕንፃውን በአጭሩ እንለፈው። (ዘመናቱን፣ ዓ.ም ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ የጥንቱን አሠራር ጠብቆ ካቆዩልን ቤቶች አንዱ ነው። ድንጋይ ይደረደራል፣ በላዩ ረጅም እንጨት ይጋደማል፣ ደግሞ ድንጋይ። እንጨቶቹን የሚያስሩት አጫጭር ግንዶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጣ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ይሏቸዋል። በ12ኛው መቶ ዘመን ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ልስን እየተፈራረቁ ጥለት ያለው ነጠላ ያስመስሉታል። ወደ ላሊበላ ስንመጣ ግንበኛ የለም፤ 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከአለት ነው። ነገር ግን ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ የተገነባ ይመስለዋል። ጠራቢዎቹ አለቱን እየቀረጹ የድሮውን የእንጨት ቤት መልክ አወጡበት፤ ዓይናቸው የለመደውን ቤት መተው አልሆነላቸውም። ዛሬ በየቦታው የምናየው ክቡ ቤተ ክርስቲያን የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው።

ክብ ይሁን ባለ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ሦስት ነው። ሊቃውንቱ የሚዘምሩበት ቅኔ ማሕሌት፣ የሚቆረብበት ቅድስት፣ ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ። ወደ መቅደሱ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ሴቶች እንደ ልማዱ በደቡብ በኩል ይገባሉ፣ በዚያው በኩል ይቆማሉ። አንዲት ሴት ስልሳ ዓመት ስትሳለም ኖራ መንበሩን ሳታየው ልታልፍ ትችላለች ማለት ነው፤ የምታየው መጋረጃውን ነው።

ውስጡ ምን እንደሚመስል በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላይ በዝርዝር የጻፈልን ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ፣ ሲቆሙ ለሚደክሙ መቋሚያ እንደሚሰጥ፣ በቤቱ መጋረጃ እንደሚንጠለጠል፣ ደወሉ በገመድ የተሰቀለ ረጅም ድንጋይ እንደሆነና በእንጨት እንደሚመታ ሁሉ ጽፏል። ላሊበላን ካየ በኋላ ግን ያየውን ብጽፍ ማን ያምነኛል ብሎ እውነት መሆኑን በመሐላ እስከማረጋገጥ ደርሷል። ይህ ሰው ለምን መጣ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። የመጣው አንዲት ሴት ስለጻፈች ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ልጅ ሆነው ሲነግሡ አገሩን በእንደራሴነት ከያዙት ዋነኛዋ እቴጌ እሌኒ ነበሩ። እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ፣ ከሙስሊም ቤት የተወለዱ ናቸው። ማቴዎስ የሚባለውን ነጋዴ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል የላኩት እሳቸው ናቸው፤ አልቫሬዝ የነበረበት መልእክተኛ ቡድን የመጣው ለዚያ ደብዳቤ መልስ ይዞ ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። የመጀመሪያው መንበረ ታቦት ነው፤ ታቦቱ የሚቀመጥበት። በላሊበላ በግዕዝ የተጻፈባቸው፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረቡ በጣም ጥንታዊ መንበሮች አሉ። ቀጥሎ መስቀሎች፣ ጽና፣ ጽዋና ጻሕል፣ ከበሮና ጸናጽል፣ መጽሐፍ የሚነበብበት አትሮንስ። ሥዕሉ በመጀመሪያ በግድግዳ ላይ ነበር፤ ላስታ ያለው ገነተ ማርያም ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ሥዕሎች አሉት። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የእመቤታችን በዓላት በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲከበሩ ሲያዝዙ በገበታ ላይ የሚሳል ሥዕል በጣም ተፈላጊ ሆነ። ከዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ስማቸው የቀረልን ፍሬ ጽዮን የተባሉት መነኩሴ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው መጥቶ እዚሁ ሲስል ኖረ። የእነዚህ ሰዎች ስም የቀረው ሥራቸው ላይ ስለጻፉት ነው።

መጋረጃው ላይ ግን ስም አይጻፍም። በአገራችን ልማድ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ ጥጡን የምታጸዳው፣ የምታባዝተው፣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት። አንድ ጋቢ የሚበላውን ፈትል የምታውቅ እናት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጋ መጋረጃ ስንት ወር ፈትል እንደሚፈጅ ራሷ ታስላው። ሂሳቡ የሚያስደነግጥ ነው። ይህ ሁሉ ድካም በየትኛውም ዝርዝር ላይ በስንት ሴቶች እጅ እንደተሠራ አልተጻፈም። መጋረጃው ሲያልቅ ይቀየራል፣ አሮጌው ይወገዳል፤ ከጨርቅ ዕቃ የመካከለኛው ዘመን የሚባል ነገር እምብዛም ያልተገኘው ለዚህ ነው። ብረትና ብራና ይቆያል፤ ፈትል ያልቃል።

አሁን ወደምንወደው ክፍል ደርሰናል፤ ወደ መዝገቡ። በመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሞዴል 19 ወንጌሉ ነበር። በመጀመሪያና በመጨረሻ በተተዉት ባዶ ቅጠሎች ላይ፣ አንዳንዴም በዓምዶቹ መካከል፣ ማን መሬት እንደሰጠ፣ ማን መጽሐፍ እንዳስገባ፣ ምን ዕቃ እንዳለ ይጻፋል። ለምን ወንጌል ላይ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌላው ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ይሸጣል፤ ወንጌልን ግን ደፍሮ የሚያበላሽ ሰው አይኖርም ተብሎ ይታመናል። በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ «ወንጌል ዘወርቅ» የንጉሥ ላሊበላን የመሬት ስጦታ ሳይቀር ይዟል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን የሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ1280 እና 1281 ግድም የተጻፈ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል አለ። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል፤ በአገራችን ከሚታወቁት የንብረት ቆጠራዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ሰው ያንን ዝርዝር ሲያይ «የመጻሕፍት ስም ብቻ» ሊል ይችላል። ለእኛ ግን አንድ መነኩሴ በብርሃኑ በኩል ቁጭ ብሎ፣ ሌላው ከመደርደሪያ እያወረደ «ይኼ ምንድን ነው? ስንት ነው?» ሲባባሉ ይታየናል። ቆጠራ ያደረገች ሁሉ ታውቀዋለች፤ አቧራው፣ የማይገኘው አንድ ዕቃ፣ «እገሌ ተውሶ ነበር» የሚለው ጭቅጭቅ። ሐይቅ ሴት የማይገባበት ገዳም ስለሆነ ቦታውን ሄደን አናየውም፤ መዝገቡ ግን በፎቶ ስለተነሳ ተመራማሪ የሆነች እህት ሁሉ ታነበዋለች።

እንዲህ ያሉ መዝገቦች መጨረሻቸው ላይ እርግማን ይጨመርባቸዋል። ይህን ዕቃ የሰረቀ፣ የሸጠ፣ ጽሑፉን የፋቀ በሐዋርያት አፍ የተወገዘ ይሁን ይላል። የዛሬ ኦዲተር ማኅተም አለው፤ የዚያን ጊዜው ውግዘት ነበረው። የትኛው የበለጠ እንደሚፈራ ለእናንተ እንተወዋለን።

ሕንፃው ሲጠፋ ምን ይተርፋል የሚለውን ለማየት መካነ ሥላሴን የመሰለ ምሳሌ የለም። በአማራ አገር፣ ዛሬ ወሎ በምንለው፣ ዐፄ ናኦድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የጨረሱት ቤተ ክርስቲያን ነበር። በ1531 ከሐረር የተነሣው የኢማም አሕመድ ጦር ደርሶ አቃጠለው። ይህ ታሪክ በእኛ አካባቢ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ግቢ ቡና የምንጠጣ ነንና። እኛ የምናነሳው ለአንድ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ውበት በጽሑፍ ካቆዩልን ዋነኛው ከኢማሙ ወገን የነበረው ጸሐፊ ነው። ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ሺሃብ አድ-ዲን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በሚለው መጽሐፉ የወርቁንና የብሩን ልባጥ፣ ሥዕሎቹን፣ ኢማሙ ገብተው ሲያዩ መደነቃቸውን፣ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸውን ይተርካል። መልሳቸው አላየንም፣ አልሰማንም ነበር። ሊያጠፋው የሄደ ጦር ጸሐፊ ባይኖረው ኖሮ ስለዚያ ቤት የምናውቀው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር። እቴጌ እሌኒ በምሥራቅ ጎጃም ያሠሩት መርጡለ ማርያምም በዚያው ዘመን ተቃጥሏል። ውስጡ የወርቅ መንበር እንደነበረ ይነገራል፤ ዛሬ የተረፈው ሐረግና አበባ የተቀረጸበት የግንብ ፍርስራሽ ነው። የእሌኒ ስም ግን አልጠፋም። እቴጌ ነበሩ፣ ተጽፎላቸዋል።

ተራ ሴቶችስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ባሕር ተሻግረን እንሂድ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር የነበረው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከእኛው ጋር ብዙ ይመሳሰላል። ሕዝቡ የሚቆምበትና ካህኑ የሚቀድስበት ክፍል በተቀረጸ የእንጨት ግርዶሽ ይለያል፤ ብዙው ሰው ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው፤ ወንበር በየቦታው የገባው ቆይቶ ነው። አንድ ደንብ ግን ነበራቸው። የካህኑን ክፍል የሚያሳድሰው በደብሩ ገቢ የሚተዳደረው አለቃ ሲሆን፣ የሕዝቡን ክፍል ማሳደስ የምእመናኑ ዕዳ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ምእመናን ይከፍላሉ። ስለዚህ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ገንዘብ መሰብሰብ ስላለ ደግሞ ሂሳብ መያዝ ግድ ሆነ። ከመካከላቸው የተመረጡ ሰዎች በየዓመቱ በሕዝቡ ፊት ሂሳብ ያወራርዱ ነበር።

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሞርባት የምትባል ሠላሳ ምናምን ቤተሰብ ብቻ ያላት መንደር ነበረች። ቄሷ ክሪስቶፈር ትሪኪ ከ1520 እስከ 1574 ሲያገለግሉ የደብሩን ሂሳብ በእጃቸው ጽፈው አቆይተዋል። እዚያ ውስጥ የልጃገረዶች ካዝና የሚባል አለ። ልጃገረዶቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ያዋጣሉ፣ ሻማ ይገዛሉ፣ የገባውንና የወጣውን ያስመዘግባሉ። ይህን ስናነብ የእኛው የወር መዋጮ ደብተር ነው የታየን። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ሴንት ኒዮት በምትባል ሌላ መንደር፣ የመንደሩ ባለትዳር ሴቶች አዋጥተው በቀለም መስታወት የተሠራ መስኮት ለቤተ ክርስቲያናቸው አሠሩ። ልጃገረዶቹም የራሳቸውን መስኮት አሠሩ፤ ጎረምሶቹም እንዲሁ። ነገሩ የሆነው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሴቶቹ በመስኮቱ ግርጌ ተደርድረው፣ ተንበርክከው ተሥለዋል። የሁሉም ስም አይታወቅም፤ ግን ማን እንደከፈለው የሚጠራጠር የለም።

እዚያም መዝገብ በጎውን ብቻ አላመጣም። ሃይማኖታቸው ሲለወጥ፣ በ1552 የንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ሹሞች በየአጥቢያው እየዞሩ ጽዋውንና አልባሳቱን ቆጠሩ፤ ዓላማው ለመውረስ ነበር። ቆጠራ በማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነው። ቢሆንም ዕቃው ተወስዶ የቀረልን ዝርዝሩ ነው።

በእኛም አገር ከሥዕል ግርጌ የምትታይ ሴት አለች። መካከለኛው ዘመን አልፎ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። በግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሰጪዋ ማን እንደሆነች ለማሳወቅ። ከእሳቸው ዘመን የቀረ የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ተዘርፎ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ከጎንደር ዘመን የቀረ፣ በሐር የተሸመነ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለ። ከላይ ፈትል ያልቃል ብለናል፤ ይኼኛው የተረፈው ሐር ስለሆነና የቤተ መንግሥት ስለሆነ ነው። በጨርቁ ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ እንደሆኑ የሚታሰቡ ሰዎች ይታያሉ። የሸማኔዎቹ ስም ግን የለም።

ወደ ከተሞቻችን ስንመለስ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። በንግሥ ቀን ስለት ሲገባ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። «አንዲት እናት ዣንጥላ አስገብተዋል፤ አንዲት እህት መጋረጃ።» እልልታ ይሆናል፣ ዕቃው ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ደረሰኝ የተቆረጠ እንደሆነ ደግ፤ ካልሆነ በዓመቱ ያ ዣንጥላ የየትኛዋ እናት እንደነበረ የሚያውቅ አይገኝም። ስሜ አይጠራ ያለች እናት አለች፤ በስውር የሚሰጥ ዋጋ አለው ብለው አስተምረዋታል፣ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን ስም በማጉያ አለመጥራትና ዕቃን በመዝገብ አለመጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ትሕትና ነው። ሁለተኛው ለሌባ በር መክፈት ነው። «ስሟ እንዳይገለጽ የጠየቀች ምእመን፣ የተሰጠበት ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ የተረከበው ሰው» ተብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ትሕትናዋም አይነካም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ሁሉ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ቅርስ የሚባለው አንድ ቀን አዲስ ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ሰው የሚፈልገው ዕቃ ዛሬ ገበያ ላይ የተገዛው ነው፤ ገና ሲገባ ካልተጻፈ ደግሞ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ለመስጊድ የተሰጠ ምንጣፍም፣ ለማኅበራችን የተሰጠ ድስትና ድንኳንም ከዚህ አይለይም። እኛው ራሳችን በየዓመቱ ስንቆጥር «ይኼ ከማን ነበር?» የምንባባልበት ትልቅ ብረት ድስት አለን።

ሌላው ምሳሌ የላሊበላው አፍሮ አይገባ ነው። ከቤተ መድኃኔ ዓለም የነበረው ይህ ታላቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰረቀ። ሁሉም የሚያውቀው፣ ፎቶው በየመጽሐፉ የወጣ መስቀል ስለነበር ቤልጅየም ውስጥ ተገኘ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓይነት እጅ ከየገጠሩ የወጡት ትንንሽ መስቀሎች ግን ስንት እንደሆኑ እንኳ መቁጠር አይቻልም፤ ሲጀመር ያልተቆጠሩ ነበሩና። አፍሮ አይገባ ዛሬ ላሊበላ፣ በቤቱ ነው።